ስድስት ክንድ የጎደለ ደረጃ

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳችን ይዘጋል፤
መብራቱ ይጠፋል፣ ጅቡ አጥሩን ይዞራል።
ያን ለት ግን ብዙአየሁ ከማማው ወረደች፣
አንድ እግሯን ተጫምታ «ተነሡ!» እያለች።
«ትልቅ ነው፤ እንግዳ፤ ባሕር ሊሻገር ሲል ዘይት አፈሰሰ፤
አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ተዘግቶ ወደኛ መለሰ።»
«ስንት ነፍስ?» አለ ዋኘው፣ ካፖርቱን ከምስማር እያነሣ።
«ሁለት መቶ አርባ አንድ።»
እሳት አጥፊ መኪናው ሦስቴ አስነጠሰ፤ በአራተኛው ተነሣ።

«ማን አዘዘው?» አልኩኝ። ስም ነው መቼም ያገር፤
አዘዞ ያዘዘው ቀርቶ አያውቅም ነገር።

መጣ።
መጀመሪያ ኮከብ፣ ቀጥሎ ሁለት ኮከብ፣ ቀጥሎ የሚያድግ ብርሃን፤
ከዚያ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ጆሯችንን ያዝን።
ሜዳችን አጭር ነው። ጫፉ ላይ ማሳ አለ፣ የአክስቴ ልጅ የጓዴ፤
ነፍሱን ሁሉ ትቼ ገብሱ አሳሰበኝ፤ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ሆዴ።
ቆመ። ከገብሱ በፊት፣ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው፤
እንደ ደከመ በሬ ተነፈሰ።
ውሃው አላስፈለገም፤ የዋኘው እጅ ነው የተንቀጠቀጠው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረጃ ገፍቻለሁ፤
ሙሽራ አውርጃለሁ፣ ሬሳ አውርጃለሁ፤
በአውሮፕላን ሆድ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀበቶ አልታጠቅሁ።
ገፋሁት። ጠጋሁ። ፍሬኑን ያዝኩና ቀና አልኩ ወደ ሰማይ፦
ስድስት ክንድ ጎደለ። በሩ እዚያ ላይ፣ ደረጃዬ እዚህ ላይ።

በሩ ተከፈተ። አስተናጋጇ ወደ ታች አየች፤
እኔ ወደ ላይ አየሁ። ምን ይባላል? ፈገግ አለች።
መንሸራተቻ ፊኛ ነበራቸው፤ አብራሪው እምቢ አለ፤
«እግር አላሰብርም፣ እሳት እስከሌለ።»
ከኋላዋ ፊት፣ ከፊቱ ኋላ ፊት፣ ከየአገሩ የተለቀመ፤
«የት ነን?» መሰለኝ፤ «ጎንደር!» አልኩ፤
ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እስከ ጭራው ዘልቆ እዚያ ጋ ደከመ።
አንድ ሽማግሌ በእጁ ግንብ ሠራልኝ፤ ሰምቷል መሰለኝ፤
በጨለማው በኩል ጠቆምኩለት።
ከዚህ አይታይም። ቢሆንም አመሰገነኝ።

ከዚያ ቀይ ጫማ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ከበሩ ወደቀች።
የሕፃን። እናቷ ጎንበስ ብላ ጮኸች።
በእግሬ ጣት ቆሜ ብንጠራራ፣ እሷም ብትንበረከክ፣ ጣት ከጣት ሳይደርስ
ስንዝር ያህል ቀረ፤
ከዚያ በላይ የራቀ ነገር አላየሁም እስካሁን ድረስ።

ከድር ዳቦ ቤቱን በእኩለ ሌሊት ከፈተ፣ «እንግዳ ይራባል?» ብሎ፤
ለጠዋት ደንበኛ ያቦካውን ሊጥ ጋገረው ቶሎ።
እነሱ ብርድ ልብስ ከብርድ ልብስ ቋጥረው ገመድ ለቀቁልን፤
ቅርጫት አሰርንበት፤ ዳቦ፣ ከዳቦው ላይ ጫማ፤
ወደ ላይ ሲስቡት ታቦት የሚወጣ ይመስል ዝም አልን።

ስማቸው አናጢው በባሕር ዛፍ አጣና ሲቀጠቅጥ አደረ፤
«ስድስት ክንድ» ነበር ያልኩት፤ በራሱ ክንድ ለካ፤
ክንዱ ረጅም ነው፣ ትንሽ ጨመረ።
ሲነጋ መካኒኮች በትንሿ አውሮፕላን ዕቃ ይዘው መጡ፤
በእኔው ደረጃ ወርደው ቧንቧ ፈቱ፣ ተሳደቡ፣ ዘጉ፣ ወጡ።
«ይሄዳል» አሉ። ስማቸው ምስማር በአፉ እንደያዘ ቀረ።
ማንም አልወረደም። ማንም አልረገጠው።
የጓዴን ገብስ በነፋስ አስተኝቶ በረረ።

የእንጨት ደረጃው አለ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ምስማሩ ዝጎ፤
ንብረት ክፍል «የማን ነው?» ይላል በየዓመቱ፤
አንድ ቁራ ያድርበታል ቤቱ አድርጎ።
አንዳንድ ማታ ብዙአየሁ መብራቱን ስታጠፋ
እወጣበታለሁ፤ አጣናው ሲጥ ይላል፤
ገብሱ ሲተነፍስ እሰማለሁ፣ ጨለማው ሲሰፋ።
እጄን እዘረጋለሁ ወደ ላይ፦ ምንም የለ።
ወርጄ እተኛለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው አለ።