ቀሪ

አራት ኪሎ ግቢ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መምህር ይነበብ ጠመኔ ይሰብራል፤
በግራው ነው 'ሚጽፍ፣ የጻፈውን ሳያይ
እጅጌው ይጠርጋል፤ ደግሞ ይሞክራል።

ኤክስ አለ ገባሩን፣ ዋይ አለ ሹማምንት፣
ዜድ ደግሞ የጤፍ ዋጋ፣ በብር፣ በኩንታል፤
ሦስቱን አስተሳስሮ፣ በየሃምሳ ዓመት
"እዚህች ጋ" ይለናል፣ "ሥርዓቱ ይፈታል።
መንግሥት ኩርባ ነው ልጆች፤ ዳገቱን ያወጣው
ያው ጉልበት ነው ኋላ ቁልቁል የሚያመጣው፤
ሹመት ፈላጊው ሲፈላ፣ ወንበሩ ግን ያው፣
ጠላት አያሻውም፤ ራሱን ነው የሚበላው።"

እኔ ረዳቱ ነበርኩ። ከወመዘክር ጓዳ
አቧራ የጠጣ መዝገብ በኮምፒውተር ስቀዳ፣
አይጥ የበላው ዓመት ሲገጥመኝ፣ ግራ ቀኙን አይቼ
በአማካይ ሞላሁት።
(አልነገርኩትም፣ ፈርቼ።)

ቀመሩ ግን የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ፒያሳ ስወጣ።
"ሒሳብ!" ሲል ደነገጥኩ፤ መምህሬ ከየት መጣ?
ወያላው ነው፣ ስንታየሁ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
አሥራ ሁለት ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው አዝሎ፣
"ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ!" ይላል። ቦታ የለም።
ውጭ ያሉት ይጋፋሉ፤ ውስጥ ያለው አይወርድም።
ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ጎማው ሲፈነዳ
ሁሉም ሾፌር ሆነ፤ "እኔ ልንዳ፣ እኔ ልንዳ!"
ስንታየሁ መልስ እየቆጠረ፣ "አሁን አይደለም" አለኝ፣
"የፈነዳው ስንጭን ነው።"

ዓምና እሪ በከንቱ፣ የይነበብ ግንብ ላይ
በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ፦ አራት መቶ ሰባት።
እንደ ፈተና ወረቀት ቆሞ ሲያየው፣ ሲያይ፣
"የየትኛው እኩልታ ነው?" አለ።
የሰማችው የጎረቤት ድመት ናት።

ሰፈሩ ተበተነ፦ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፤
የአንዱ ቁም ሣጥን ደረጃ ላይ ቀረ፣ አልበቃውም ቤቱ።
በቀመሩ ውስጥ "መ" ነበረች፣ መተማመንን የምትወክል፣
ሰው በተራራቀ ቁጥር እየሳሳች ዜሮ የምታክል።
ይነበብ አሰላ፦ "ስድሳ አራት አባል፤ በስድስተኛው ወር
የዕድራችን ድንኳን ይታጠፋል።" ቀኑን ጻፈ፣ በደብተር።

ቀኑ ደረሰ፤ አለፈ። በሦስተኛው ወይዘሮ ትርንጎ ዐረፉ።
ጊዮርጊስ ደጅ፣ ጸሐፊው አቶ ጉልላት ስም ይጠራ ጀመር፦
"አለሁ።" "አለሁ።" "ቀሪ።"
"አለሁ፣ ከአያት በሁለት ታክሲ።"
"አለሁ"፣ ጫማው ላይ የኮዬ ጭቃ ሳይደርቅ።
"ቀሪ።"
ይነበብ ከጽዱ ሥር በጣቱ ይቆጥራል፣
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣
በልቡ ኩርባ ላይ ነጥብ እየጣለ።
"ይነበብ ወልደ ሰማያት!"
አልሰማም።
"ይነበብ!"
አቶ ጉልላት ቀና ሳይሉ ጻፉ፦ ቀሪ።

መቀጮው ሃምሳ ብር ነው። ከፈለ፤ ደረሰኙን ከተተ ኪሱ።
ዐርባ አለ። አንዷ ሟች። ሃያ ሦስት ቀሪ፤
ሃያ ሦስተኛው እሱ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቀመር ጻፈ፣ ያንኑ ረጅም፤
እኛም ቀዳን እንደ ልማዳችን፣ ምንም ሳንጠይቅ።
ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።
የመደመር ምልክት። ከዚያ አንድ ቃል፦
ቀሪ።
እጅጌውን ጠቅልሎ ነበር፤ አልጠፋም።
ያን ጊዜ ስለዚያ አይጥ ስለበላው ዓመት ልነግረው
እጄን አወጣሁ።