አንዲት ሲራ

ዚኽሮን ያዕቆብ፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣
በቀዝቃዛው ጓዳ፣ ከበርሜሎች ዳር፣
ጎማ ቧንቧ ይዤ ወለል የማጥበው
የአበረ ልጅ ነኝ፣ ጓንጉል የምባለው።

የገባሁ ዕለት ጠማቂዋ ሐጊት
ጥቁር ዘለላ ይዛ "ሲራ" ስትለኝ፣ ሥራ ብዬ ሰማሁት፤
"እሱማ አውቃለሁ" አልኳት፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤
ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።
ኋላ ገባኝ እንጂ፦ ሲ እግሯን ስትጠቀልለው፣
ያኔ ነው ሲራችን ሴራ የሚሆነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ሦስት መኪና ይመጣል፣
ከየጎማው ላይ ሦስት ዓይነት አቧራ ይራገፋል፤
ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡላ፤
ጭነቱ ግን ያው ሲራ ነው፣ የለበትም ሌላ።

የላይ ገሊላዋ ከጥቁር ድንጋይ ላይ፣
ጉም ለብሳ አድራ ረፋድ የምትታይ፣
ቁንዶ በርበሬዋ ይቀድማታል በር ላይ፤
ከዚያ እንጆሪዋ፣ ከዚያ ዝም ትላለች፣
ሐሜት እንደሰለቻት ጎረቤት ዞር ብላ ትሄዳለች።

የይሁዳ ኮረብታዋ ኖራ ስትግጥ ያደገች፣
ጦስኝ ጦስኝ የምትል፣ ምላስ ጨብጣ የምትይዝ ነች፤
አበዳሪ ናት እሷ፤
ቆጥራ ነው የምትሰጥ፣ ቆጥራ ነው ምላሿ።
ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ ብታስቀምጣት እንኳ
ገና "ቆይ" ትላለች፣ ሳይፈታ መልኳ።

የራሞኗ ደግሞ...
የበረሃዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?
በጠብታ ቧንቧ ያደገች፣ ቀን ነዳ፣ ሌሊት ቆፈን፣
ፍሬዋ ኮሶ የምታህል፣ ቆዳዋ የነጋሪት ሽፋን።
ስትከፈት ነፋስ ትላለች፣ ቀጥላ ቴምር፣
ከሥሩ ጨው፣ የማይነገር።

እና ሲራን ማንም አይጠይቃትም፤
አባቷን፣ ያባቷን አባት አስቆጥሮ አያጣራትም።
ጠባይዋ ሲለወጥ "አፈሩ ነው" ይላሉ፣
ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያደንቃሉ።

"ቀምሰህ ነው ወይ ይህን ያወቅኸው?" አትበሉኝ።
ከቀዩዋ ሪባን ወዲያ እጄን አያሳልፉኝ።
ተቆጣጣሪው ኤልያኪም፣ ክፉ ሰው አይደለም፣
ልጁ ስትዳር ኬክ አምጥቶልኛል፣ አልረሳም፤
ግን "ወረቀትህ ይጣራል" ካለኝ አሥራ አንድ ለቀማ አለፈ።
አባቴ ሰንበትን ሳይሽር ነው ያረፈ፤
ይህንን የትኛው ማኅተም ጻፈ?

"የተቀቀለውን ንካ" ይለኛል፤ "እሱ ግዴለም፣
እሳት ያየ ወይን፣ ማንም ቢነካው አይረክስም።"
እኔስ? አልኩት አንድ ቀን፣ ቧንቧዬን አቁሜ፣
እኔስ እሳት አላየሁም?
መነጽሩን ጠረገ። ሐጊት ወደ ግድግዳው ዞረች።
ውሃው ብቻ ነበር ሲንጠባጠብ የሚሰማው፣
እኔም መልሼ ከፈትኩት፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ፣ ሥራዬ እሱ ነው።

ከእጥበቱ ነው የማውቃት።
በርሜሉ ሲገለበጥ፣ ሙቅ ውሃው ሲገባላት፣
እንፋሎቷ ፊቴን ሲመታው፣ አገሯን ትነግረኛለች፤
የገሊላዋ ሐምራዊ ሆና ቀጥ ብላ ትፈሳለች፣
የይሁዳዋ አተላዋን አልለቅም ትላለች፣
የራሞኗ ግን ጥቁር ናት፣ ጫማዬ ላይ ትቀራለች።
እፍሳሹ አፍ ሲደርሱ ይቀላቀላሉ፤
እዚያ ማንም አልቆመም፣ እዚያ ሪባን የለም፣ ዝም ብለው ይወርዳሉ።

ማታ፣ በአውቶቡሱ ሐዴራ ስገባ፣
ባንቻየሁ በር ላይ እጅጌዬን አሸተተች፣ ጫማዬን ሳልፈታ።
"ዛሬ የመጣችው የየት ናት?"
"ገምቺያት።"
ቆየች። ዓይኗን ጨፈነች።
"ነፋስ አላት... ቴምር... ደግሞ ጨው" አለች።
ዕድሜዋን በሙሉ ወይን በአፏ አልዞረም፤
አንዴም አልሳተችም።