ጄኔሬተሩ እስኪነሣ

«ፒያሳ ላይ አዲስ ላውንጅ ተከፍቷል» አለን ባዘዘው፣
«አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው።»
ደሞዝ በገባ ማግስት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሽቶ ተረጭተን፣
አምስት ሆነን ሄድን፣ ለራቱ ስንል ምሳ ትተን፤
እናኑ ከአዘዞ፣ ጥሩነህ ከማራኪ፣
(ጥሩነህ ሱፍ ለብሷል፣ ቁርጥ የድንኳን ሰባኪ)
ማስተዋል ከመተማ፣ የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝታ፣
ከፊቷ ሥጋ ቀንሳ፣ ከወትሮው ዝምታ አብዝታ።
ግብዣው ለሷ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል፣
ድምጿን በስልክ ብቻ፣ ያውም ሲቆራረጥ፣ ሰምተናል።

አሳንሰሩ «ለጊዜው አይሠራም» ተብሎ ተለጥፎበት፣
(ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል፣ ቆይቶበት)
በደረጃ ወጣን።

ሐምራዊ መብራት፣ ሐምራዊ ሶፋ፣ ከማሽን የሚወጣ ጭስ፤
ፊት አይለይም፤ ሰው የሚታወቀው በጥርስ።
መስኮቱ፣ የፋሲልን ግንብ ቁልቁል የሚያየው መስኮት፣
በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ መጋረጃው ላይ የግንብ ፎቶ አለበት።
ባዘዘው ሊያስረዳን ጀመረ፤ የስፒከሩ ጉሮሮ ዋጠው።
«ምን?» አልነው። «ምን?» አለን እሱም። ሳቅን፤ ሌላ ምን እንበለው?

«ሜኑ?» ብንል፣ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያለ ጥልፍልፍ አሳየን፤
በስልክ ይነበባል አሉ። ኔትወርኩ ቁልቁል አየን።
ጥሩነህ ተነሥቶ፣ ስልኩን ወደ ጣራ ሰቅሎ፣
እንደ ጥላ ያዥ ዲያቆን ዞረ፣ «መጣ… ሄደ… መጣ…» ብሎ።

ራቱ ደረሰ፣ ከስንት በኋላ፤ በሰሃን አይደለም፣ በድንጋይ፤
«ልዩ የጣና ዓሣ»፣ አውራ ጣት ሙሉ፣ ሰላጣ ላይ፣
ዙሪያውን ቀይ ጠብታ፣ ነስር የያዘው ሰው እንዳለፈበት፤
እናኑ በሹካ ነካ አረገችው፣ ምናልባት ነፍስ ካለበት።
የጥሩነህ ጥብስ ቀዝቅዞ ሞራው ድንጋዩ ላይ ነጣ፤
ለባዘዘው (ስም መቼ ይጠብቃል!) ያላዘዘው መጣ።
እሱም በላው፤ ጋባዥ አያማርርም። ዓይን ዓይናችንን እያየ
«ይጣፍጣል፣ አይደል?» ሲል፣ ከአንገት ንቅናቄ ሌላ መልስ አልታየ።

ማስተዋል ሹካዋን አስቀምጣ፣ ወደኔ ዘንበል ብላ
የሆነ ነገር አለችኝ። ጆሮዬን ሰጠኋት። ደገመችው፤ ከበሮው በላ።
የገባኝ መስዬ ሳቅሁ። ሳቄን አይታ
ቀና አለች። ለካ ነገሩ አልነበረም የጨዋታ።

ያኔ መብራት ጠፋ።

እልል የሚያሰኝ ጨለማ! ስፒከሩ በአንድ ጊዜ ሞተ፤
ሐምራዊው ተነቅሎ ሄደ፤ ጆሯችን ተከፈተ።
አንዱ መጋረጃውን ገለጠው፤ ከተማው ሁሉ ጠፍቷል፤
ግንቡ ግን፣ ያለ መብራት የኖረው፣ እንደ ጥንቱ ቆሟል።
«መብራት ነው ወይስ…» አለች እናኑ። «መብራት ነው» አልናት ቶሎ፤
ባዘዘው ክብሪት ይፈልጋል፣ «ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ብሎ።

ማስተዋል ጀመረች። ድምጿ ከስልኩም ይልቅ ዝቅ ያለ፤
«ጤና ጣቢያው ባዶ ነው፤ ካልጋው በቀር ምንም የለ።
አንድ ሌሊት አንዲት እናት፣ መንታ፤ ሻማ ያዥ አጥቼ
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በሱ ብርሃን አይቼ…
አንደኛዋ አለቀሰች። ሁለተኛው ግን…»

ጄኔሬተሩ ተነሣ።

ሐምራዊው ተመለሰ፤ ዘፈኑም ካቆመበት፣
ከመሐል ቃሉ ቀጠለ፣ ምንም እንዳልተቋረጠበት።
አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሁለት ቃል፣ ሦስት፤ ዘጋችው።
ሰዉ አጨበጨበ፣ ለመብራቱ። ፓስታዬም መጣ፤ ማን ሊበላው?

ሒሳቡ፦ ራት፣ ውሃ፣ ቫት፣ «አገልግሎት» አሥር በመቶ፤
ባዘዘው አነበበው፣ ደገመው፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ።
ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ መቶ መቶ ብር ዞረ፤
እሱም ዓይኑን ጣራ ላይ ሰክቶ፣ እንዳላየ ሆኖ ቆጠረ።

ስንወርድ ልጠይቃት ነበር፤ ጥሩነህ ቀልድ ያዘ፤
ባጃጅ አቆምንላት፤ «ሁለተኛውስ?» ልል ምላሴ ደነዘዘ።
«ራቱ እንዴት ነበር?» አለችኝ ከውስጥ።
«ደግ ነው» አልኳት።
«እኔም» አለች፣ እየሄደች፤ ሞተሩ ወሰዳት።

ዛሬም ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ፣ ጎረቤት መብራት ኃይልን ሲያማ፣
ሻማ አልለኩስም እኔ፤ ቁጭ እላለሁ፣
የቀረውን ምናልባት ብሰማ።