ሸክላው አይቆጠርም

«ከመጨረሻው ጀምሪ፤» አሉኝ ወይዘሮ ሆገን፣
«የምትገቢበትን ወር ጻፊ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እንቁጠር፣ ቀን በቀን።»
እርሳስ አነሡ። ብዕር አይነኩም።
«ዕቅድ በብዕር የጻፈ ሰው ከላጲስ ጋር አይታረቅም።»

ስድስት ሳጥን ሠሩ፣ ለስድስት ወቅት፣
በያንዳንዱ ውስጥ የኮርስ ስም፣ ከጎኑ የክሬዲት ብዛት።
ፊዚክስ ሁለት የሚሰጠው በጸደይ ብቻ ነው፤
ካልኩለሱን ያላለፈ ደጁን አይረግጠው።
አንዷ ከተዛነፈች ሁሉም ይንሸራተታል፣
እኔም ከፖሙ መጋዘን፣ ከሌሊቱ ተራ ጋር፣ አንድ ዓመት ይጨመርልኛል።

ሌሊት ያኪማ ሲተኛ ፖም ከፊቴ ይፈሳል፤
የቆሰለው ወደ ግራ፣ ቀዩ ወደ ቀኝ ይሄዳል።
እጄ ሲለይ ከንፈሬ ይቆጥራል፦
እንግሊዝኛ አምስት፣ ኬሚስትሪ አምስት፣
ስታቲስቲክስ ያልፋል፣
የዓለም ታሪክ… እሱ ይጠየቃል።
ጎኔ የቆመችው ሮሳልባ «ጸሎት ነው?» ትለኛለች።
«ነው፤» እላታለሁ።
«አሜን፤» ብላ የበሰበሰ ታነሣለች።

ከተራራው ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዥ ላከ፤
የሚቀበለውን በአረንጓዴ፣ የማይቀበለውን በግራጫ እየለካ።
ግራጫ የወጣው አንድ ነው፤ የሸክላ ሥራ፣ አምስት ክሬዲት፣
ከሥራ ስወጣ ክፍት የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ የወሰድኩት፣
እንቅልፍ እያዳፋኝ ጭቃ ያቦካሁበት።
ወይዘሮ ሆገን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄ አይቆጠርም።»
«ዐውቃለሁ፤» አልኩ።
አላውቅም ነበር።

አባቴ ኤሊሴዮ ወረቀቱን ከራቱ ሳህን አጠገብ አየው፤
ጥፍሩ ሥር አፈር ያለበትን ጣቱን በየሳጥኑ አስኬደው።
«ሁለት ዓመት፤» አለ፣ «ችግኝም የሚታዘዘው ቀደም ብሎ ነው።
ባለ እርሻው ‹ይህ ዝርያ ገበያ አጣ› ሲል ዛፉን አንነቅለውም፤
አንገቱን ቆርጠን የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ እንሰካበታለን፣
በላስቲክ ጠምጥመን፣ በሰም ደፍነን እንጠብቃለን።
የሚይዝ አለ፤ የማይዝ አለ።»
«የማይዘውስ?»
«በሚቀጥለው ዓመት እንደገና፤» ብሎ ጥርሱን መጎርጎር ቀጠለ።

ማመልከቻው እስከ ጥር ማለቂያ። የገንዘብ ድጋፉ ቅጽ ከዚያ በፊት።
የአባቴ የግብር ወረቀት በጫማ ካርቶን ውስጥ፣
ከእናቴ የሆስፒታል ደረሰኞች ሥር።
የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት፤ አንዱን መምህር ኦኪታ ይጽፍልኛል፣
ሌላውን የሚጽፍ ገና አላገኘሁም።
መኪናዋን ለወንድሜ ለኔስቶር እተዋለሁ፤
ግን እሱ መንዳት አይችልም፣ ለሱም ጊዜ ያስፈልጋል።
ሰባተኛ ሳጥን ሠራሁ። በእርሳስ።

በሚያዝያ ብርድ አባቴ ሰም የሚያቀልጥበት ዕቃ ሲያጣ
ጎድጓዳ ሳህኔን ከመስኮቱ ሥር አወጣ፣
አንድ ጎኑ የተንጋደደውን፣ ያን የማይቆጠረውን።
«ይሄ ይበቃል፤» አለና ከሚፈላው ድስት ውስጥ አስቀመጠው።
ይሰነጠቃል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።
ሰሙ ከዳር ዳር ለሰለሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ ፈሰሰ።
ሳህኑ ዝም አለ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ሮጥኩ፤
ፊዚክስ ሁለት ረፍዶብኛል።