የጋሽ ጥላዬ መነጽር

የግራ ዓይኑ ሞራ በተገፈፈ በአራተኛው ቀን፣
"ጥቁር መነጽር ይግዛ" ብሎ ሐኪሙ አዘዘን።
ክንዱን ይዤ አባቴን፣
በቸርችል ቁልቁለት እየቆጠርን እርምጃችንን፣
ከፖስታ ቤት ሳንደርስ ከአንድ ሱቅ ገባን።

መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ዓይን ተሞልቶ
ቁልቁል ያየን ጀመር ቅንድቡን አንስቶ።
ሻጯ ልጅ ረድኤት፣ ጥፍሯ ወይን ጠጅ፣
ወንበር አቀረበች በመስታወቱ ደጅ።
"ይሄ ሬትሮ ነው" አለች፣ "ብዙ ሰው የሚወደው፤
መልኩ የድሮ ነው፣ ዕቃው ግን አዲስ ነው።"
አባቴ ሳቀና፣
"የእኔ ግልባጭ ነዋ!
በይ አምጪው እንግዲያ፣ እንተዋወቅና።"

ክቡን አደረገ፦ "የዕድር ጸሐፊ መሰልኩ፣ መልሺው።"
ጠርዘ ወርቁን ሞክሮ፦ "ይሄ ደላላ ነው፣ ቤቴን ሳይሸጥብኝ አንሺው።"
ባለ ኤሊ ጀርባው አፍንጫው ላይ ከበደው።
ጫፉ እንደ ድመት ዓይን ሽቅብ የተሞረደው
"የሴት ነው" እያልነው፣ እሱንም አጠለቀው፤
"የቴሌዋ አሰገደች" አለ፣ "እንዲህ ነበር የምታደርገው።
ስልክ ስታገናኝ፣ ወዴት እንደምታይ ማን ሊያውቀው!"
(የእናቴ ስም አሰገደች አይደለም።
እኔም አልጠየቅኩም።)

ከዚያ ከታችኛው ረድፍ
ሰፊ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንዱን ብድግ ስታደርግ
ሳቁ ተቋረጠ።

አወቅኩት እኔም።
አልበማችን ውስጥ አለ። ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፦
አባቴ ከነአፍሮው፣ ከነቤልቦተሙ፤
አጎቴ ይርዳው በሰው ከረባት፤
ጎረቤቱ ሽመክት፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዶ፤
የሁሉም መነጽር አንድ ዓይነት፣
የሁሉም አንገት ወደ ግራ ዞሮ
ካሜራውን የሚያይ ጠፍቶ።
ታሪክ የተማርኩ እኔ፣ ምስጢር ያገኘሁ መስሎኝ፣
"ያ ትውልድ እኮ ሩቅ ያይ ነበር፣ ግራ ዘመም ነበር" ስል ስንት ሰው ታዘበኝ!

"የምን ግራ ዘመም!" አለ አባቴ ያኔ፣
"አንድ መነጽር ነበር ለይርዳው፣ ለሽመክት፣ ለእኔ፣
ለዶሮ ማነቂያ ጎረምሳ በሙሉ፤
የጋሽ ጥላዬ ነው፣ ከፎቶ ቤቱ ሚስማር ላይ ነው መዋሉ።
ኪራዩ ስሙኒ።
የግራው መስታወት ተሰንጥቆ ከሥር፣
'ወደ ግራ ዙር!' ይላል፣ አገጭህን በጣቱ ሲያዞር፤
'ቀና! አትተንፍስ!'
ቷ!
ይኸው ነው ምስጢሩ።"

ከዚያ ዝም አለና፣
የመነጽሩን እግር እያጠፈ፣ እየዘረጋ፣
"የሽመክት እናት" አለ፣ "እሷን ፎቶ ብቻ ነው ያገኘችው፣ ያ ሌሊት ሲነጋ።
ሌላ አልተነሣም።
ኋላ ልጠይቃት ስሄድ አሳየችኝ፤
ጥቁሩን በጥፍሯ
ፍቃ
ፍቃ
ፍቃው፣
ዓይኑ ያለበት ቦታ ወረቀቱ ነጥቷል።"

ረድኤት ምን ትበል? ሒሳብ ማሽኗን ነካካች።
"አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ ለአባባ አራት ሺህ" አለች።
አድርጎት መስታወት ፊት ቀረበ፤
አንገቱ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ወደ ግራ ዞረ።
"ፊት ለፊት ይዩ አባባ፤
ግራውም ደህና ነው።"

ውጭው ቀትር ነበር። ታክሲው "ለገሃር! ለገሃር!" ይላል፤
ፎቶ ቤቱ የነበረበት ዛሬ ሣርና መብራት ሆኗል፤
ወደዚያ አልሄድንም።
ከአንድ ግንብ ሥር አቁሜው ስልኬን አወጣሁ፣
"ቀና በል" ልለው ስል፣
እሱ አዲሱን መነጽር አውልቆ
ደረት ኪሱ ከተተ፤
ያቺን ቀይ፣ እንባ ያቀረረች ዓይኑን
ለፀሐይ እንደሰጠ፣ ሳያርገበግብ፣ እኔን አየና
"ቶሎ በይ" አለኝ፣
"ሐኪሙ ሳያየን።"