የኖራ ሒሳብ

እኔ የበሩ ነኝ።
ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትኬት ስቀድ የኖርኩ፣
ንጉሥ በገባበት ስንቱን ያስገባሁኝ፣
ስንቱን የመለስኩ።

ድሮማ እንግዳው ምን ነበር? ከመኪና ይወርዳል፣
«የአንበሳው ቤት የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣
ባንድ ሰዓት ግንቡን ሁሉ ዞሮ ወደ ላሊበላ ይበራል።
የከተማው ድርሻ የመኪናው አቧራ፣
የኔም ድርሻ ጉርድ ወረቀት፣ እሷም ለማታ ቆጠራ።

ዘንድሮ «ፌስቲቫል ግቢው ውስጥ ይሁን» ሲሉ
ሹሞቹ በስብሰባ ሲስቁ ሲምሉ፣
«አልጋው ሁሉ ይያዛል፣ ባጃጁ ሥራ አያጣም፣
ለጨዋታ የመጣ እንግዳ ባንድ ቀን አይወጣም!»
አብዬ ማንደፍሮ ብቻ፣ የኖራው ግንበኛ፣ ሲያጨበጭቡ ዝም ብሎ ቀረ፤
«ግንብ እኮ ይሰማል» አለኝና ባልዲው ላይ አቀረቀረ።

የመጀመሪያው ማታ
ከአዲስ አበባ በሁለት አይሱዙ የተጫነ ድምፅ መጣ፤
ፍሪጅ የሚያህል ስፒከር፣ ገመዱ እንደ አንጀት የወጣ።
ማሲንቆው በማይክ ሲጮህ አዘዞ ድረስ ተሰማ፣
ደረት ላይ ዱብ ዱብ ይላል፣ ጎረምሳው ጨፈረማ!
እንግዳው ግን ርቆ ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል፤
ይቀርጻል፣ ይቀርጻል፣ ይረሳል።

ያኔ ነው ማንደፍሮ፣ ከእንቁላል ግንቡ ግርጌ፣
ትከሻው ላይ ነጭ ነገር ያየው፤
ፎረፎር አይደለም፤ ከላይ ነው የወረደው።
በመዳፉ አፍሶ፣ በሚጨፍረው ሰው መሐል ቀዝፎ፣
በስፒከሮቹ አልፎ፣
ድምፅ ለሚያስተካክለው ልጅ እጁን ዘረጋለት።
«ምንድን ነው?» አለ ልጁ። «ኖራ ነው» አለው፣
«ከአያትህ አያት በፊት የተቦካ። እንካ፣ ያዘው።»

ልጁ መዳፉን አየ፤ ግንቡን አየ፤
አንዷን ቁልፍ ወደ ታች ሳባት፣ ሌሊቱ ከጩኸቱ ተለየ።

«መብራት ሄደ!» አለ አንዱ። አልሄደም።
የቡርቧክሱ ሞላልኝ መድረክ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ፣
ድምፁ የት እንደገባ ይፈልግ ጀመረ።
ከዚያ ወረደ። ሣሩ ላይ። ማሲንቆውን ከደረቱ ለጠፈ፣
ሰዉም ወንበሩን እየጣለ ወደሱ ጎረፈ።
ለመስማት ሲል ሁሉም ትንፋሹን ቀነሰ፤
የባጃጁ ሾፌር ለእንግዶቹ ሣሩን በጃኬቱ አለበሰ።
ሞላልኝ የማንደፍሮን እጅ አየው፣ ነጭ እንደሆነ፤
ቅኝቱን አላልቶ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፦

«ድንጋይ ብቻ ብትሆን በፈረሰች ነበር፣
ከሰው መሐል ኖራ ነው የጸናች ጎንደር።»

እኛ መኖሯን ሰምተን አጨበጨብን።
ማንደፍሮ ኖራውን ሰምቶ ሳቀ፤
በዓሥራ አንድ ዓመት ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው፣ ሳቁ ግንቡ ላይ ደመቀ።

በማግስቱ፣ በጠዋቱ አውሮፕላን ሊሄዱ የነበሩት
ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ከመኪና አወረዱት።
ሦስት ቀን ጨመሩ። ሞላልኝ በእግር ወደ አገሩ ወሰዳቸው፣
የማሲንቆ ጭራ እንዴት እንደሚታሰር ትንሹ ልጁ አሳያቸው፤
ሽሮ በሉ፤ ያደሩበትን፣ የበሉበትን ከፈሉ፤
ባዶ ሃይላንዳቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ሜዳ ላይ ሳይጥሉ።
ድምፅ አስተካካዩም ስፒከሩን በሸራ ሸፈነ፤
ለቀሩት ሁለት ቀን የማንደፍሮ ውሃ አቀባይ ሆነ።

እኔ ግን ቅኔ አልችልም፤ ሒሳብ ነው የማውቀው።
ከአሥር ብር አንዷ ለኖራ ትሁን ብለን ቃል አስገባን ሹሙን፤
ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ክረምት ሳይገባ እናያለን መፈጸሙን።
ባልዲው ገና ጎዶሎ ነው።
ደግሞ ከአጥሩ ማዶ፣ ዛፍ ላይ የወጡት ልጆች
በነጻ ሰምተዋል፤ ያንን የት ልመዝግበው?

መድረኩ ሲፈርስ፣ ጉርዶቹን ስጠርግ፣
አንዷ ላይ ነጭ የጣት አሻራ አየሁ፤
ከደብተሬ መሐል ከተትኳት፣
ገቢ ትሁን ወጪ ሳልለይ አቆየሁ።