የሰም መንጋጋ

መጀመሪያ የሰጡኝ ጥርስ አልነበረም፤
ሳሙና የሚያህል አንድ ቁራጭ ሰም፣
አንዲት ቢላዋ፣ የማትቆርጥ ቅቤ፣
አርባ ደቂቃ፣ የሚርድ ልቤ።

ሴጌድ፣ ከቲሳ ወንዝ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን ጉም አፍኖት ትራሙ እንኳ ሳይታይ፣
«የታች፣ የግራ፣ ስድስተኛውን ቅረጪ፤
አምስት ጉብታ አለው፣ አንድ እንዳታሳጪ።»

ሦስቱ ወጡ። ሁለቱ ጠፉብኝ።

«ድንች ነው» አለኝ ዴዦ፣ የሰም ቤቱ ሽማግሌ፤
ጠፍጥፎ ወረወረው፣ አብሮት ወደቀ ሞራሌ።

ያን ዓመት ወደቅሁ። በዓመቱም ወደቅሁ።
የነርቩን ስም ሁሉ በላቲን ሸምድጄ አለፍኩ፤
በሰም ወደቅሁ።

አባቴ ይደውላል፣ ከኮምቦልቻ፤
«ስንት ዓመት ቀረሽ?» ይህንኑ ብቻ።
አምስት የነበረው ሰባት ሆነ ማለት ያቅተኛል፤
«አይዞሽ፣ ጥርስሽን ንከሺ» ይለኛል።
እዚህ ሌላ የሚነከስ ምን ይገኛል?

ስሜ ትርሲት ነው፤ ጌጥ ማለት ነው በግእዝ፤
«ት»ን ከ«ጥ» የሚለይ ጆሮ የለም በቲሳ ወንዝ።
«ጥርስ በቋንቋሽ ምንድነው?» ሲለኝ ዴዦ ድንገት፣
ነገርኩት።
ጥርስ ሆኜ ቀረሁ ከዚያች ዕለት።
ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤
ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ፈተና አምስቱም ወጡልኝ፤
በጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ መብራት አነሳው፣ ምንም አላለኝ፤
ብቻ አልወረወረውም።

ከዚያ የፕላስቲክ ጭንቅላት፣ የጎማ ጉንጭ፣ የማይተፋ፣
ሁለት ዓመት ስቦረቡረው አንዴም ፊቱን ሳያከፋ።

በስድስተኛው ዓመቴ፣ በኅዳር፣ ሕይወት ያለው አፍ ደረሰኝ፤
ወንበሩ ላይ ዴዦ ተቀምጧል፤ ጓንቴ ውስጥ እጄን አላበኝ።
«ይክፈቱ» አልኩ በሃንጋሪኛ።
ከፈተ።

ሦስት ጥርስ።
ሁለት ከታች፤ ከላይ አንድ ክራንቻ፣ እሱም ያዘነበለ፣
ሌላው ድድ ነው፣ ለስላሳ፣ የአራስ ልጅ የመሰለ።

ሠላሳ ዓመት ለስንቱ እጅ መንጋጋ ያስቀረጸ ሰው!
የእሱን አፍ ማን ገልጦ አየው?

«መሰርሰሪያው ያስፈራኛል» አለኝ ኮርኒሱን እያየ፣
«ከልጅነቴ።»

ሰም አሙቄ አስነከስኩት፤ የድዱ ፈለግ ቀረበት።
ባገሬ ሰምን የሚፈታው መሪጌታ ነው፣ ተጨንቆበት፤
እዚህ የፈላ ውሃ ነው። ቦታውን የሚወርሰው ግን ወርቅ አይደለም፤
ፕላስቲክ ነው፣ ሮዝ ቀለም።

የታች፣ የግራ፣ ስድስተኛውን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤
አምስት።

መስታወት ሰጠሁት። ሳቀ።
እጁ በልማድ ተነሳ፣ አገጩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።
«ጥርስ» አለኝ፤
«ጥ»ዋ ሳትሰበር፣ እንደ እናቴ ፈነዳች።

ከዚያ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ፣
«እዚህ ጋ ትንሽ ይወጋኛል።»
ሞረዴን አነሳሁ።